የደብረ ብርሃን ብርሃንና የሰማይ ተመልካቾች

በሰሜን ሸዋ ከሚገኙት ከተሞች መካከል ስሙን ከሰማይ ያገኘ ደብረ ብርሃን ብቻ ነው። አንኮበር፣ መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ ሁሉም የየራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ነገር ግን በአንድ ሌሊት ከላይ በታየ ነገር ምክንያት ቤተ ክርስቲያን የተተከለበት፣ ቤተ መንግሥት የተሠራበት፣ ስምም የወጣለት ቦታ ይህ ነው። ብርሃኑ ምን ነበር ተብሎ በተጠየቀ ጊዜ ግን ሁለት ዓይነት መልስ ይሰጣል። አንደኛው ተአምር ነው ይላል። ሁለተኛው በዘመናችን የተለመደው መልስ ደግሞ «የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ነው» ይላል፤ ይህም እንደ ተረጋገጠ ነገር ለተማሪም ለጎብኚም ይነገራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ተአምሩን ለመንቀፍ ወይም ለመደገፍ አይደለም። ዓላማው ሁለተኛው መልስ ምን ያህል በማስረጃ የተደገፈ እንደ ሆነ መመርመር፣ ከዚያም ከምርመራው የሚገኘው ትምህርት ዛሬ በአገራችን ለሚገኙት የሥነ ፈለክ ወዳጆች ማኅበራት ምን እንደሚጠቅም ማሳየት ነው።

ጽሑፎቹ የሚሉት

ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የነገሡት እ.አ.አ. ከ1434 እስከ 1468 ነው። «መጽሐፈ ብርሃን» እና «መጽሐፈ ሚላድ» የተባሉት ታላላቅ የግዕዝ ድርሰቶች በስማቸው ይጠራሉ። ዜና መዋዕላቸውን ከልጃቸው ከዐፄ በእደ ማርያም ዜና መዋዕል ጋር ዡል ፔሩሾን የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ እ.አ.አ. በ1893 በፓሪስ ከነትርጕሙ አሳትሞታል።

በታሪኩ እንደሚነገረው ንጉሡ መናፍቃን የተባሉ ሰዎችን በድንጋይ አስወግረው ነበር። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚያስረዱት እነዚህ ሰዎች የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች፣ ማለት ደቂቀ እስጢፋኖስ ነበሩ። ከተወገሩ ከ38 ቀን በኋላ፣ በመጋቢት 10 ቀን፣ በንጉሡ ሰፈር ላይ ብርሃን ከሰማይ ታየ። ንጉሡም ይህ እግዚአብሔር በፍርዳቸው ደስ መሰኘቱን የሚያሳይ ምልክት ነው ብለው አመኑ፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ስሙንም ደብረ ብርሃን አሉት። ቀጥሎም ቤተ መንግሥታቸውን አሠርተው፣ ከመጨረሻዎቹ 14 የንግሥና ዓመታቸው 12ቱን በዚሁ ቦታ አሳለፉ። እስከዚያ ዘመን ድረስ ከሰፈር ወደ ሰፈር ይዘዋወር ለነበረው የነገሥታቱ አኗኗር ይህ ትልቅ ለውጥ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ብርሃኑን ያዩት የንጉሡ ወገኖች ብቻ አልነበሩም። ከሞት የተረፉት ደቂቀ እስጢፋኖስም ያው ሰማይ በላያቸው ነበር። የእነርሱን ገድልና ታሪክ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ወደ አማርኛ መልሰው ስላሳተሙት፣ ዛሬ የሁለቱንም ወገን ቃል ለመስማት እንችላለን። ሰማይ ለአንዱ የድል ምልክት ሲሆን ለሌላው ያው የሐዘን ሌሊት ነበር። እንግዲህ የከተማው ስም ደስ የሚል ቢሆንም ከሥሩ ድንጋይ መኖሩን የታሪክ ተማሪ ሊዘነጋው አይገባም።

ጅራታም ኮከብ ነበርን?

ሪቻርድ ፓንክኸርስት ብርሃኑን እ.አ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር አያይዘው፣ ከተማው የተቈረቈረበት ዘመን ይኸው ዓመት ሳይሆን እንደማይቀር ገምተዋል። ግምቱ ማለፊያ ነው፤ ይህ ኮከብ በየ76 ዓመት ገደማ የሚመለስ ሲሆን፣ በዚያ ዓመት በእርግጥ ታይቷል። በፊረንዜ ፓኦሎ ቶስካኔሊ የሚገኝበትን ቦታ ሌሊት በሌሊት መዝግቦታል፤ በቪየና ፖይርባኽ ተመልክቶታል፤ የቻይና ሰማይ ጠባቂዎችም ጽፈውታል።

ይሁን እንጂ ቀኑን ስናመሳክር ችግር ይገጥመናል። ኮከቡ ለፀሐይ እጅግ የቀረበው እ.አ.አ. ሰኔ 9 ቀን 1456 ነው፤ ይህም በእኛ አቈጣጠር ሰኔ 15 ቀን 1448 ዓ.ም. ይሆናል። በዓይን የታየው ከሰኔ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ሐምሌ የመጀመሪያ ሳምንታት ነበር። ከመጋቢት 10 እስከ ሰኔ 15 ደግሞ 95 ቀን አለ። በመጋቢት 10 ኮከቡ ከፀሐይ ገና ሩቅ ስለ ነበረ ያለ መነጽር የሚታይ አልነበረም፤ የሩቅ ማያ መነጽርም ለዓለም የታወቀው ከዚያ በኋላ 150 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.አ.አ. በ1608 ነው።

ሌላም ችግር አለ። ዓመቱ ራሱ የተገመተው በኮከቡ ምክንያት ከሆነ፣ ዓመቱን መልሶ ኮከቡ መሆኑን ለማስረዳት መጠቀም አይቻልም። ይህ ክርክር ወደ ራሱ የሚዞር ነው። የንግሥናውን ፍጻሜ 1468ን ይዘን 12 ዓመት ወደ ኋላ ብንቈጥር 1456 ላይ እንደርሳለን፤ 14 ዓመት ብንቈጥር ግን 1454 ይሆናል። በ1454 የሃሌይ ኮከብ በሰማያችን አልነበረም።

አንዳንዱ ሰው «ጸሐፊው ቀኑን ቢሳሳትስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መጋቢት 10 በቤተ ክርስቲያናችን የመስቀል በዓል ነው፤ ንግሥት ዕሌኒ ቆፍራ መስቀሉን ያገኘችበት ቀን ይባላል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ለመስቀል የነበራቸው ፍቅር የታወቀ ነው። ስለዚህ በሌላ ቀን የታየ ብርሃን ወደ በዓሉ ቀን ተጠግቶ ተጽፎ ይሆናል ማለት ይቻላል። ነገር ግን 38 ቀን የሚለው ቍጥር ይህን ግምት ያከብደዋል። ከመጋቢት 10 ወደ ኋላ 38 ቀን ብንቈጥር የካቲት 2 ላይ እንደርሳለን። እንዲህ በትክክል የተቈጠረ የቀን ብዛት ከሦስት ወር ስሕተት ጋር አብሮ መሄዱ ያጠራጥራል።

የባሕረ ሐሳብ ምስክርነት

እንግዲህ ለክርክሩ ያህል ዓመቱ 1448 ዓ.ም. ነው ብለን እንውሰድና፣ አባቶቻችን በተዉልን በባሕረ ሐሳብ ያን የመጋቢት ሌሊት እንመርምረው። 5500 ከ1448 ጋር ሲደመር ዓመተ ዓለሙ 6948 ይሆናል። ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመኑ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ነው። አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ይሆናል። መስከረም 1 ቀን ቅዳሜ ዋለ፤ በዓለ መጥቅዕ መስከረም 18 ማክሰኞ ነበር። የማክሰኞ ተውሳክ 5 ስለሆነ መባጃ ሐመሩ 23 ነው። ስለዚህ ነነዌ ጥር 23፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 7፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 2 ዋለ ማለት ነው። መጋቢት 10 ደግሞ ቅዳሜ ሲሆን በጾሙ እኩሌታ ገደማ ላይ ይገኛል።

ጨረቃስ? ቍስጥንጥንያ ከመውደቋ ከ7 ቀን በፊት፣ እ.አ.አ. ግንቦት 22 ቀን 1453፣ የጨረቃ ግርዶሽ እንደ ነበረ የታወቀ ነው። የጨረቃ ግርዶሽ የሚሆነው ጨረቃ በምትሞላበት ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ቀን እስከ መጋቢት 10 ቀን 1448 ዓ.ም. 1019 ቀን አለ። ይህን ለአንድ የጨረቃ ወር፣ ማለት ለ29 ቀን ተኩል ከጥቂት ትርፍ ስናካፍለው 34 ተኩል ይሆናል። ሙሉ ጨረቃ ላይ ተነሥተን በግማሽ ወር ከቆምን፣ ያ ሌሊት ጨረቃ የጠፋችበት፣ ሰማዩ ጽልመት የነበረበት ሌሊት ነው ማለት ነው።

ይህ ስሌት ብርሃኑ ምን እንደ ነበረ አይነግረንም። ነገር ግን ምን እንዳልነበረ በጥቂቱ ይነግረናል፤ ዓመቱ 1448 ከሆነ ብርሃኑ የጨረቃ አልነበረም፤ የሃሌይም ኮከብ አልነበረም። የሚቀሩት ግምቶች ጥቂት ናቸው። በመጋቢት ምሽት፣ ጨረቃ በሌለበትና አየሩ በጠራበት ደጋ፣ ፀሐይ ከገባች በኋላ በምዕራብ በኩል እንደ ድንኳን ሾጠጥ ብሎ የሚቆም ደብዛዛ ብርሃን ይታያል። ሊቃውንት የዞዲያክ ብርሃን ይሉታል፤ የሚመጣውም ፀሐይን በሚዞረው ደቃቅ ብናኝ ላይ ጨረሯ ሲያርፍ ነው። ነገር ግን ይህ በየዓመቱ የሚታይ ነገር ስለሆነ፣ ሌሊት ከብቱን የሚጠብቅ የአገሬው ሰው እንግዳ ነገር ነው ብሎ ይደነግጥበታል ማለት ያስቸግራል። ታላቅ ተወርዋሪ ኮከብ ቢሆን ደግሞ ሰፈሩን ሁሉ እንደ ቀን ሊያበራው ይችላል፤ የሚቆየው ግን ለጥቂት ቅጽበት ነው።

ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ሦስት ነገር ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብርሃኑ በየት አቅጣጫ ታየ? ከአድማስ ምን ያህል ከፍ ብሎ ነበር? ስንት ጊዜስ ቆየ? ዜና መዋዕሉ የተጻፈው ለሌላ ዓላማ ስለሆነ በእነዚህ ላይ አያተኩርም። የንጉሡ ጸሐፊ የብርሃኑን ትርጕም አጥብቆ ጻፈ፤ ልኩን ግን አልተወልንም።

ከአንኮበር እስከ እንጦጦ

የልክ መዝገብ ወደዚህ አገር የመጣው በአብዛኛው ከውጭ መንገደኞች ጋር ነው። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ሚስዮናዊው ክራፕፍ እ.አ.አ. በ1839፣ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ደግሞ በ1841 ወደ አንኮበር መጡ። በዚያ ዘመን አንድን ከተማ በካርታ ላይ በትክክል ለማስቀመጥ ፀሐይን ወይም ኮከብን መለካት ግድ ነበር፤ የሰሜን ኮከብ ከአድማስ ያለው ከፍታ የቦታውን ኬክሮስ ይነግራልና። ቆይቶም እ.አ.አ. በ1870ዎቹ ዳግማዊ ምኒልክ የሸዋ ንጉሥ ሳሉ፣ የኢጣልያ ጂኦግራፊ ማኅበር በአንኮበር አጠገብ በልጥ ማረፊያ የምርምር ጣቢያ አቋቋመ፤ መሪው ማርኬዝ አንቲኖሪ እ.አ.አ. በ1882 በዚያው አረፈ። እነዚህ እንግዶች የጻፉት ሁሉ የታተመው በባዕድ ቋንቋ ነው። አገሩ የእኛ ሲሆን መዝገቡ ግን የእነርሱ ሆኖ ቀረ።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ በዘመናችን ከተደረጉት ጥረቶች ዋነኛው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ ነው። ማኅበሩ እ.አ.አ. በ2004 በ47 መሥራች አባላት በአዲስ አበባ ሲቋቋም፣ ብዙ ሰው «እንጀራ ሳይሞላ ስለ ኮከብ ማሰብ ቅንጦት ነው» ይል ነበር። ማኅበሩ ግን መንግሥት ገና ስለ ነገሩ ሳያስብ፣ በበጎ ፈቃደኞች ኀይል ተማሪዎችን በክበብ ማደራጀትንና ሕዝብ በመነጽር ሰማይን እንዲያይ ማድረግን ሥራው አደረገ። ከእነዚህ ጥረቶችም የተነሣ በእንጦጦ ተራራ፣ 3200 ሜትር ከፍታ ላይ፣ የመስተዋታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች ተተክለው እ.አ.አ. በ2015 ተመረቁ። በተከታዩም ዓመት የመንግሥት የስፔስ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ።

እ.አ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንድ ኮከብና አንድ ፕላኔት ስም እንዲያወጣ ዕድል ሲሰጥ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኮከብ «ቡና»፣ በዙሪያው የሚዞረው ፕላኔት «አቦል» ተባሉ። ቡና በዓይን አይታይም፤ ነገር ግን በኅዳር ምሽት በአንድሮሜዳ ሠራዊት ውስጥ በመጠነኛ የእጅ መነጽር ሊገኝ ይችላል። በሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ላይ ሲያልፍ፣ ወረርሽኝ ሰውን ባራራቀበት ወቅት እንኳ ብዙዎች ለዚሁ የተሠራ መነጽር አድርገው ተመልክተውታል።

ደብረ ብርሃን ለምን?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ሰማይን መመልከት የጀመረው በሁለተኛ ደረጃ ተማሪነቱ ነው። በኅዳር 14 ቀን 2012 ዓ.ም. የአጥቢያ ኮከብ የምትባለው ቬኑስና ጁፒተር በምዕራብ ሰማይ ተጠጋግተው ታይተው ነበር። አንድ መምህራችን አንዲት የእጅ መነጽር ይዘው ጥቂት ተማሪዎችን ከከተማ ወጣ ወዳለ ሜዳ ወሰዱን። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። በዚያ የሚያልፉ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቆም ብለው «እናንተ ልጆች፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» አሉን። «አባባ፣ ኮከብ እያየን ነው» አልናቸው። ሳቁና «ኮከብማ መች ጠፋ፤ እኔ በእርሱ አይደል ሌሊቱን የምለየው» አሉ። መነጽሩን ሰጠናቸው፤ ዛፍ ተደግፈው ጁፒተርን ሲመለከቱ ግን ዝም አሉ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «አጠገቡ ትንንሽ ነገሮች አሉ» አሉን። ገሊሌዮ እ.አ.አ. በ1610 ያያቸውን የጁፒተር ጨረቃዎች፣ ማንም ሳይነግራቸው እርሳቸውም አዩአቸው።

ከዚያ ምሽት የተማርሁት አንድ ነገር ነው። የአገራችን ሰው ሰማይን የማየት ልማድ አላጣም፤ መጽሐፈ ሄኖክን ሙሉውን ጠብቆ ያቆየ፣ ባሕረ ሐሳብን በቃሉ የሚያሰላ ሕዝብ ይህን ሊያጣ አይችልም። የጎደለው መነጽሩና መዝገቡ ነው።

ደብረ ብርሃን ለዚህ ሥራ የተመቸ ቦታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ያህል ከፍ ስለሚል ከላዩ ያለው አየር ስስ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ስለሚገኝም የሰሜን ኮከብንም፣ አውሮፓውያን በአገራቸው የማያዩትን የደቡብ መስቀልንም በየወቅቱ ያያል። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ይጠራል። የቅርብ ዩኒቨርሲቲ አለው፤ ብዙ ተማሪም አለው። በብርድ ልብስ የታወቀ ከተማ ስለሆነም ተመልካቹ ብርዱን የሚከላከልበት አያጣም።

ጠላትም ግን አለው። ከተማው በፋብሪካና በቤት እያደገ ሲሄድ የመንገዱ መብራት ወደ ላይ እየበተነ ሰማዩን ያነጣዋል። መብራት ይጥፋ የሚል ሰው የለም፤ ነገር ግን መብራቱ ክዳን ተደርጎለት ወደ ምድር ቢያበራ ለመንገደኛውም ይበጃል፣ ኮከቡንም አይጋርድም። ስሙን ከሰማይ ብርሃን ያገኘ ከተማ በራሱ መብራት ምክንያት ሰማዩን ቢያጣ የሚያሳዝን ነገር ይሆናል። ደግሞም ሰላም በሌለበት ሌሊት ሰው ከደጅ አይወጣምና፣ እንዲህ ያለው ጉዳይ ሁሉ በሰላም ላይ የተመሠረተ መሆኑን መናገር ያስፈልጋል። እስከዚያው ድረስ የትምህርት ቤት ግቢ ይበቃል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም። ጨረቃ የሌለችበት ሳምንት ይመረጣል፤ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠበቃል፤ የእጅ ባትሪው በቀይ ወረቀት ይሸፈናል፤ አንዲት የእጅ መነጽር በተራ ትዞራለች። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ደብተሩ ነው። በደብተሩ ላይ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ አቅጣጫው፣ ከአድማስ ያለው ከፍታ፣ የቆየበት ጊዜና የተመልካቹ ስም ይጻፋል። ከፍታውን እጅን ዘርግቶ በጭብጥ መለካት ይቻላል፤ አንድ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ነውና።

ይህ ቀላል ነገር መስሎ የታየው ሰው ቢኖር የፓሊችን ታሪክ ያስታውስ። ኤድመንድ ሃሌይ በ1531፣ በ1607ና በ1682 የታየው ኮከብ አንድ መሆኑን ተረድቶ፣ በ1758 ገደማ እንደሚመለስ ተናግሮ ሞተ። ዓመቱ በደረሰ ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ሁሉ ሰማዩን ሲያስሱ፣ በታኅሣሥ 25 ቀን 1758 መጀመሪያ ያገኘው በድሬስደን አጠገብ የሚኖር ዮሐን ጊዮርግ ፓሊች የተባለ ገበሬ ነበር። ሥነ ፈለክን ያጠናው በራሱ ጊዜ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንደተመለከተው የደብረ ብርሃን ብርሃን የሃሌይ ኮከብ ነበር ለማለት ያሉት ማስረጃዎች አይበቁም፤ ቀኑ አይስማማም፤ ዓመቱም ከኮከቡ የተወሰደ ነው። ስለዚህ ለተማሪም ሆነ ለጎብኚ ሲነገር «ሊሆን ይችላል ተብሎ የተገመተ» እንጂ «የተረጋገጠ» ሊባል አይገባም። ያልተረጋገጠውን የተረጋገጠ ማለት፣ በሳይንስ ስም ቢሆንም እንኳ፣ ንጉሡ ብርሃኑን እንዳዩ ትርጕሙን ለመወሰን ከቸኰሉት ችኰላ ብዙ አይርቅም። በዚያ ችኰላ ደግሞ የሰው ሞት እንደ ጽድቅ ተቈጠረ።

የሃሌይ ኮከብ ተመልሶ ለፀሐይ የሚቀርበው እ.አ.አ. ሐምሌ 28 ቀን 2061፣ ማለት ሐምሌ 21 ቀን 2053 ዓ.ም. ነው። በሸዋ ወሩ የክረምት እኩሌታ ስለሆነ ደመናው ያስቸግራል። ዛሬ በዚህ ኮሌጅ የምንማር በዚያን ጊዜ ጠጕራችን ሸብቶ ይሆናል። ነገር ግን ከደብረ ብርሃን ሜዳ ላይ፣ ደመናው ገለጥ ባለባት ሰዓት፣ አንድ ተማሪ አቅጣጫውንና ከፍታውን በአማርኛ በደብተሩ ላይ ቢጽፍ፣ ከ600 ዓመት በላይ የጎደለው መስመር ያን ጊዜ ይሞላል። ያ ደብተር እንዲኖር ግን ክበቡን ዛሬ መጀመር ያስፈልጋል።